ዓባይ በረሃን መውጣት ያቃታት ፒካፕ፦ ሦስት ጋራዥ ሄጄ መልስ አጣሁ

ባለ ነጯ (ደብረ ማርቆስ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለችኝ። ናፍጣ ናት፣ ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የምትረጭ)፣ ባለ ቱርቦ። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ደጋፊና ተቃዋሚ ይፈጠርና ጥያቄዬ ይረሳል። ግን ታውቋታላችሁ። ከማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ኮፈኗን ከፍታ መንገድ ዳር የምትቆመው እሷ ናት። (ቀልዴን ነው። ግማሹን።)

ጤፍና ማር ጭኜ አዲስ አበባ እወስዳለሁ፣ ሸቀጥ ይዤ እመለሳለሁ። 87 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከአራት ወር በፊት ከጎሐ ጽዮን ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርኩ። ኩራርን አለፍ እንዳልኩ የሙቀት መለኪያዋ ቀይ ላይ ወጣች። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት እንደ ድስት ትንተከተካለች። ረዳቴ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሄደ። በዚያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ቁጭ አልን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ራዲያተሩ ተዘግቷል ብሎ ጠረገው። በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ቦታ ደገመችኝ። ሁለተኛው ጋራዥ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ተቃጥሏል አለ። ሞተር ተከፈተ፣ ቴስታታው ተላገ፣ የውሃ ፓምፕም ተቀየረ። አንድ ወር ሰላም ሰጠችኝና እንደገና ጀመራት። ሦስተኛው ደግሞ ገና ሳይነካት «ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ሞተር ቀይር» አለኝ።

አሁን ያለው ችግር ይኸው ነው። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ሊትር ውሃ ይጠፋል። ከሥር ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ካርቶን አንጥፌ አድሬአለሁ፣ ደረቅ ነው። ውሃው የት ነው የሚሄደው? ሱማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሞተር ልግዛ ወይስ የሚሻል ሐሳብ ያለው አለ?

ዘይት ጠጪ (ባሕር ዳር)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡52

ሽጣት።

ባለ ነጯ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡55

ሽጬ ምን ልግዛ ወንድሜ? ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ያገለገለ መኪና ዋጋው አይቀመስም። ደግሞስ ይህን ሁሉ ደብቄ ለማን ነው የምሸጣት?

ዘይት ጠጪ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡01

እኔ ሸጫለሁ። የገዛኝ ሰውዬ እስካሁን ለገና «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። ድምፁ ግን ጥሩ አይደለም።

የቢቸናው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡20

ወንድም፣ አንተ ብቻ አይደለህም። የእኔም ያው ሞዴል ናት። 94 ሺህ ላይ ውሃ መጠጣት ጀመረች። እኔ ደግሞ በዘይት ቅያሪ አልታማም። በየ5 ሺህ እቀይራለሁ፣ ፊልትሮ ኦሪጅናል ነው፣ ጭነትም አላበዛም። ሻጮቹ ጋ ስሄድ ከሰውዬው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «የት ነው የምትነዳት?» የሚል ነው። ታዲያ ፒካፕ የምትነዳው ሳሎን ውስጥ ነው?

ባለ በርበሬዋ (ፍኖተ ሰላም)፣ ማክሰኞ ማታ 3፡44

እኔ ሾፌር አይደለሁም፣ ባለቤት ነኝ። በርበሬ ነው የምነግደው። የእኔ የውሃ ሳይሆን የናፍጣ ነው። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሾፌሬ ከመንገድ ዳር በጄሪካን ይገዛ ነበር። ለእኔ ግን የማደያ ደረሰኝ ያመጣልኛል። ደረሰኙን ከየት እንደሚያገኘው እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን ሞተሯ ኳ ኳ ማለት ጀመረች። ሾፌሬ «ሙዚቃ ከፍ አድርጌ ስለነበር አልሰማሁም» አለ። ደምበጫ ሳትደርስ ጥቁር ጭስ ለቃ ቆመች። ሲከፈት አንዱ ፒስቶን መሃሉ ላይ ተበስቷል። አውራ ጣቴ ይገባል! አራቱ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጩት) ብቻ የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ወሰደ። የፒስቶኑን አላወራም።

ዲናሞ (ደብረ ማርቆስ)፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡30

እንዴት አደራችሁ። ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው ያረጀሁት፣ ጡረታ ብወጣም እጄ አልተወውም። እህት ዓለም፣ የአንቺን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ባለ ነጯ እነዚህን ይመልስልኝ።

ጠዋት ስታስነሣት ነጭ ጭስ አለ? ቀዝቃዛ እያለች ክዳኗን ከፍተህ ሞተር ስታስነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል? የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል? ምን ዓይነት ውሃ ነው የምትጨምረው? ቴርሞስታቷ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) አለ? የራዲያተሩ ክዳን የራሷ ነው?

እስክትመልስልኝ ሞተር የሚባል ነገር እንዳትገዛ።

ባለ ነጯ፣ ረቡዕ ቀትር 6፡15

አያ ዲናሞ፣ አመሰግናለሁ። ጠዋት ነጭ ጭስ አለ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ብርዱ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አረፋ የለም። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ አልነጣም። የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው፣ በረሃ ላይ ደግሞ የተገኘውን። ቴርሞስታቱን የመጀመሪያው ጋራዥ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አወጣው። ክዳኑ... እሱ የሌላ መኪና ነው። የራሷ በረሃ ላይ በድንጋጤ ስከፍተው ገደል ገባ።

ዘይት ጠጪ፣ ረቡዕ ቀትር 6፡21

ገደል ገባ 😂 ዓባይ ስንት ክዳን ውጦ ይሆን?

ዲናሞ፣ ረቡዕ ማታ 1፡05

ጎሽ፣ በሐቅ መለስክ። አሁን ትንሽ ላስረዝም።

ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከተማ ባቄላ ለመብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናትህን ጠይቃት። የሚዘገየው ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ነው፣ 100 አይደርስም። ቴርሞስታት ደግሞ በብዙ ሞተር 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው መከፈት የሚጀምረው። በመሃል ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ያለ ሞተር አሥር ዲግሪን በደቂቃ ያልፈዋል።

ታዲያ ደጋ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ለምን አይፈላም? ያ ገደል የገባብህ ክዳን ነዋ! ክዳን ማለት የድስት መክደኛ እንዳይመስልህ። ስፕሪንግ አለው፣ 1 ባር ያህል ግፊት አፍኖ ይይዛል። በዚያ ግፊት ውሃው እዚህ ማርቆስ ላይ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የሌላ መኪና ክዳን አፉ ላይ ቢገጥምም ግፊቱን ካልያዘ ያው ክፍት ድስት ነው። ሃያ ዲግሪ መጠባበቂያህን ገደል ጥለህ ነው ስትነዳ የከረምከው።

ቴርሞስታትን «አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ ያውም ያለ ክዳን። ቴርሞስታት ሲከፈት በብዙ ሞተር ሌላም ሥራ አለው። ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ካወጣኸው አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሜዳ ላይ ሞተርህ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ግማሹ ሙቅ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ደጀን አቀበት ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

ግን ይህ ሁሉ ውሃው ለምን ሳይንጠባጠብ እንደሚጠፋ አይነግረንም። አረፋ የለም፣ ዘይቱ አልነጣም፣ ጠዋት ግን ነጭ ጭስ አለ። ቴስታታ ነው ብሎ መማል ይከብደኛል። እኔ የምጠረጥረው የኢጂአር ማቀዝቀዣውን ነው። እነዚህ አዳዲስ ናፍጣዎች ከጭሳቸው ከፊሉን መልሰው ወደ ሞተር ያስገባሉ፣ አየር እንዳይበክል ተብሎ። ጭሱ እሳት ስለሆነ በቀጫጭን ቱቦ ያልፋል፣ ቱቦውን የሞተሩ ውሃ ከውጭ ያቀዘቅዘዋል። ሞተር በፈላ ቁጥር ቱቦው ዙሪያ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ቱቦው ብቻውን ይግላል። አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ከዚያ ውሃህ በጭስ መንገድ ገብቶ፣ ሞተር ውስጥ ተንኖ፣ በጭስ ማውጫ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ካርቶንህ ደረቅ ሆኖ ያደረው ለዚህ ነው።

ቀልድ አይደለም። ሌሊት ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመና ጠዋት ቁልፍ ካዞርክ ውሃ አይታመቅም፣ ቢየላው (ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል። ያኔ እውነትም ሞተር ትገዛለህ።

ግፊት መፈተሻ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ቀዝቃዛ እያለች ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥሞ 1 ባር ይንፋና ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። መለኪያው ከወረደ፣ ውጭውም ደረቅ ከሆነ፣ የኢጂአሩን ቱቦ ፈትቶ በጣቱ ይንካው። ርጥብ ከሆነ አገኘነው።

የቢቸናው፣ ረቡዕ ማታ 1፡50

አያ ዲናሞ፣ በማክበር ልከራከር። እርስዎ ጥፋቱን ሁሉ ክዳንና ቴርሞስታት ላይ አደረጉት። የእኔ ክዳን ኦሪጅናል ነው። ቴርሞስታቷን ማንም አልነካም። ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ኩላንት እንጂ ውሃ አልጨመርኩም። ግን የተሰነጠቀው ያው ዕቃ ነው! አንድ ቀን እንኳ ፈልታብኝ አታውቅም። ታዲያ ይህ የእኛ አያያዝ ነው ወይስ የፋብሪካው ቆርቆሮ?

ዲናሞ፣ ረቡዕ ማታ 2፡10

እውነትህን ነው። እጅ ሰጥቻለሁ። በዚህ ሞዴል ያ ዕቃ ሲበላሽ ያየሁት አንድና ሁለት ጊዜ አይደለም፣ ቱቦው ስስ ነው። ባለ ነጯ በራሱ እጅ አፋጠነው፣ አንተ ደግሞ ምንም ሳታጠፋ ደረሰብህ። እንዳንተ የያዘ ሰው 94 ሺህ ላይ ይህ ሊገጥመው አይገባም ነበር።

የእንጅባራ ድንች፣ ረቡዕ ማታ 2፡33

ምን ያደክማችኋል? ኢጂአሩን በላሜራ ዘግቶ መገላገል ነው። እኔ ከዘጋሁ ዓመት ሆነኝ።

በነገራችን ላይ የእኔዋ ፍሪሲዮን ትበላለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ቀይሬአለሁ። የኋላ ባሌስትራም ሰበረች። 18 ኩንታል ድንች ብቻ ነው የምጭናት።

ዘይት ጠጪ፣ ረቡዕ ማታ 2፡35

«ብቻ»!

ባለ በርበሬዋ፣ ረቡዕ ማታ 2፡38

ወንድም ዓለም፣ 18 ኩንታል እኮ አይሱዙ ነው የሚጭነው።

ዲናሞ፣ ረቡዕ ማታ 3፡00

ድንቹ፣ ሊብሬህን አውጥተህ የመጫን አቅም የሚለውን አንብብ። አብዛኛው ፒካፕ 1 ቶን ገደማ ነው፣ አሥር ኩንታል ማለት ነው፣ ሰዎቹም ተቆጥረው። ፍሪሲዮኑን ባትወቅሰው ደስ ይለኛል።

ስለ ላሜራው፦ ላሜራ ጭሱን ነው የሚዘጋው። ማቀዝቀዣው ከተሰነጠቀ ውሃው በሌላው ጫፍ መውጫ ያገኛል። የውሃውን ቱቦ ሳታዞር ላሜራ ብቻ ብትመታ በር ዘግተህ መስኮት እንደመተው ነው። ዳሽቦርዱም ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ ጉልበት ይቀንስብሃል። ደግሞ የሚወጣውን ጭስ የምንተነፍሰው እኛው ነን።

እህት ዓለም፣ ወዳንቺ ልምጣ። የኮመን ሬል ኢንጀክተር እስከ 1,600 ባር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ በሚደርስ ግፊት ነው ናፍጣ የሚረጨው። የሚረጭበት ቀዳዳ የፀጉር ያህል ነው ብልሽ ማጋነን አይደለም። የድሮው ሞተር ውሃም ላምባም ቢቀላቀልበት እየሳለ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህኛው አይምርም። ውሃ ኢንጀክተሩን ያዝገዋል፣ አሸዋ ይፍቀዋል። ከዚያ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል። ናፍጣው ተበትኖ በመረጨት ፈንታ እየተንጠባጠበ አንድ ቦታ ይነድዳል፣ እንደ ብየዳ እሳት ፒስቶኑን ይበሳዋል። ያ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ማስጠንቀቂያው ነበር።

የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ ማውረጃ ብሎን አለ። በሳምንት አንዴ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ላላ አድርጎ በብርጭቆ መቀበል ነው። ውሃ ከሥር፣ ናፍጣ ከላይ ሆኖ ይለያል። ሾፌርሽ ብርጭቆውን በየሰኞው ያሳይሽ። ከደረሰኙ የተሻለ ማስረጃ ነው።

የደብረ ወርቅ ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡10

የሕግ ተማሪ ነኝ። ለየቢቸናው አንድ ነገር። «ውጭ ጋራዥ ነክተሃታል፣ ዋስትናው ወድቋል» ብለውህ እንደሆነ ቃል አይበቃም፣ በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። ገዥ ግን ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። የሸማቾች ጥበቃውን አዋጅ ቁጥር 813/2006ንም አንብበው። የሰርቪስ ደረሰኞችህን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈህ በአንድ ፋይል ያዝ።

የቢቸናው፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡40

የእኔ ዋስትና ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። የኪሎ ሜትር ገደቡ ያለፈው ዕቃው ሊሰነጠቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ቀኑን የሚያውቅ ዕቃ! ቢሆንም ደብዳቤውን እጽፋለሁ። ወረቀቱ ይኑረኝ።

ባለ ነጯ፣ ቅዳሜ ማታ 12፡20

ወገኖቼ፣ ተገኘ!

ትናንት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ተገኝቶ ሄድኩ። 1 ባር ነፋ፣ ቡና ጠጣን፣ ስንመለስ ግማሽ ሆኗል። ውጭው ደረቅ ነው። ልጁ የኢጂአሩን ቱቦ ፈትቶ ጣቱን አስገባ። ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ፣ ርጥብ። ማቀዝቀዣውን አውርዶ አንዱን ጫፍ ደፈነ፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር ነፋበት። አረፋው ዱብ ዱብ እያለ ሲወጣ ልጁ ሳቀ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ለጋስኬት፣ ለመላጊያ፣ ለፓምፕ ያወጣሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ቴስታታው ደህና ነው። ለካ ያለ ምክንያት ነው የተከፈተው!

አዲሱን ዕቃ አጣሁት። ያገለገለ ከሱማሌ ተራ በመኪና ተላከልኝ። አያ ዲናሞ ስልክ ላይ እንዳሉኝ፣ ገንዘቡን ሳልልክ በፊት ሻጩ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ቪዲዮ ቀርጾ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩ። መጀመሪያ የላከው አረፋ ነበረው። ሁለተኛው ደህና ሆነ። አዲስ ቴርሞስታት፣ ኦሪጅናል ክዳን፣ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል። ነገ ጭኜ እወርዳለሁ።

ዲናሞ፣ ቅዳሜ ማታ 1፡00

ነገ አትጭን። መጀመሪያ ባዶዋን እስከ ደጀን ሄደህ ተመለስና ጠዋት ውሃዋን እይ። አየር ውስጧ ታፍኖ ሊሆን ይችላል።

በረሃውን ስትወጣ ደግሞ በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ አታስጨንቃት። ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አውርደህ ሞተሩን አዙረው፣ ፓምፑም እኩል ይዞራል። መለኪያው ሲነሣ ኤሲውን ዝጋና የጋቢና ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈት። ትልባለህ፣ ግን ያ ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር ነው። ብትቆምም ቶሎ አታጥፋት፣ ሞተሩ በዝግታ ትንሽ ይዙር። እና ለምኜሃለሁ፣ ትኩስ እያለች ክዳን አትክፈት። የዚህኛው ዋጋ ከበፊተኛው ይበልጣል።

ባለ በርበሬዋ፣ ሰኞ ጠዋት 2፡15

ዛሬ ሾፌሬ ብርጭቆውን አመጣልኝ። ከሥር ሁለት ጣት ውሃ አለው። ምንም አልተናገርኩም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩትና ቁጭ ብዬ አየሁት። እሱም ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ራሱ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ሰልፉን እሰለፋለሁ» አለ።

ባለ ነጯ፣ ሐሙስ ማታ 3፡30

ስምንት ኩንታል ጭኜ ደርሼ ተመለስኩ። ስምንት፣ ድንቹ ይስማ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ዓይኔ ከመለኪያው አልተነቀለም። አንዴ ትንሽ ከፍ አለች፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ ረዳቴ ሸሚዙን አወለቀ፣ መለኪያዋ ተመለሰች። ኩራርን ሳልፍ በመስኮት ወደ ገደሉ አየሁ። ክዳኔ አልታየኝም።

ዛሬ ጠዋት ውሃዋን ለካሁ። ከምልክቱ አልጎደለም። የቢቸናው፣ ደብዳቤህ መልስ አገኘ?

የቢቸናው፣ ሐሙስ ማታ 3፡48

«ተመልክተን እናሳውቅዎታለን» የሚል። እኔም ማቀዝቀዣውን በራሴ ገንዘብ አስቀየርኩ። የተሰነጠቀውን ግን አልጣልኩትም፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

አዲስ ገቢ 7 (ሞጣ)፣ ዓርብ ጠዋት 4፡02

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ማንበብ ስላልቻልኩ ይቅርታ። ፒካፔ ዳገት ላይ ትሞቃለች። መካኒኩ ቴርሞስታቷን አውጥቶ ጣለው፣ ችግር አለው?

ዲናሞ፣ ዓርብ ጠዋት 4፡05

አንብብ።